ባለ አሥር አኃዙ ቁጥር፦ 2147483647ን በቅርብ ማወቅ

(የሒሳብ ክበብ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በተገኙበት የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ።)

እንደምን ዋላችሁ! ወላጆች እንደምን ዋላችሁ፤ መምህራን እንደምን ዋላችሁ። ከፊት ረድፍ ደብተራችሁን ዘርግታችሁ የተቀመጣችሁ ልጆችም እንደምን ዋላችሁ። በቅዳሜ ከሰዓት፣ ስንት ጉዳይ እያለ፣ ስለ ቁጥር ለመስማት ይህን ያህል ሰው መሰብሰቡ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

እስቲ እስክሪብቶ የያዛችሁ ይህን ጻፉልኝ። ሁለት፣ አንድ፣ አራት፣ ሰባት፣ አራት፣ ስምንት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ አራት፣ ሰባት። 2147483647። ጻፋችሁ? ሲነበብ ሁለት ቢሊዮን ከአንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ከስድስት መቶ አርባ ሰባት ነው።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ አንድ ቁጥር ልነግራችሁ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ! ለምን አንድ ብቻ ትሉኝ ይሆናል። ሰፈራችሁ ውስጥ ስንት ሰው አለ? በመንገድ ስታልፉት ሁሉም «ሰው» ነው። ቤቱ ገብታችሁ ቡና ከጠጣችሁ በኋላ ግን እከሌ ይሆናል፤ ጠባዩን ታውቃላችሁ፣ ዘመዶቹን ታውቃላችሁ፣ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደማይወድ ታውቃላችሁ። ቁጥርም እንደዚያው ነው። ትልቅ ቁጥር ስናይ «ብዙ ነው» ብለን እናልፋለን። እኔ ዛሬ አንዱን ቤት አብረን እንድንገባ ነው የምፈልገው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ይህ ቁጥር ምን ዓይነት ነው? ሁለተኛ፣ ዘመዶቹ እነማን ናቸው? ሦስተኛ፣ ከእኛ ጋር፣ ከእኛው ቀን መቁጠሪያ ጋር ምን አገናኘው? ሦስተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ አንደኛው። ሁለትን እጥፍ አድርጉ፣ አራት። እንደገና እጥፍ፣ ስምንት። አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ስድሳ አራት። እንዲህ እያላችሁ ሁለትን በራሱ 31 ጊዜ ስታባዙ 2147483648 ላይ ትደርሳላችሁ። ከዚያ አንድ ቀንሱ። ቁጥራችን ይኸው ነው።

ጎዶሎ ነው፤ በሁለት አይካፈልም። መጨረሻው 7 ስለሆነ በአምስት አይካፈልም። አኃዞቹን ደምሩ፦ 46 ይመጣል፤ 46 በሦስት ስለማይካፈል ቁጥራችንም በሦስት አይካፈልም። በሰባት ብትሞክሩ 1 ይቀራል። በአሥራ አንድ ብትሞክሩ አሁንም 1 ይቀራል። በአሥራ ሦስት 10 ይቀራል። እምቢ ይላል። ታዲያ መቼ ነው እሺ የሚለው? መልሱ፦ መቼም። ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ቁጥር የለም። እናንተ በክፍል ፕራይም የምትሉት፣ በአማርኛ ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ነው።

መቼም ስል በድፍረት ነው የተናገርኩት። ግን ይህ እንዴት ታወቀ? ካልኩሌተር በሌለበት፣ ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን እንዴት ታወቀ? እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በፈረንጆቹ 1588 ፒየትሮ ካታልዲ የሚባል የቦሎኛ ሰው ሁለትን 17 ጊዜ አባዝቶ አንድ ሲቀንስ፣ እንደዚሁም 19 ጊዜ አባዝቶ አንድ ሲቀንስ የሚመጡት ብቸኛ ቁጥሮች መሆናቸውን በእጁ እያካፈለ አረጋገጠ። ከዚያ ቀጠለና 23፣ 29፣ 31 እና 37ም እንደዚያው ናቸው አለ። ይህን ግን አላረጋገጠም። ከአራቱ በሦስቱ ተሳስቷል! በ23 የሚመጣው ቁጥር በ47 ይካፈላል። በ29 የሚመጣው በ233 ይካፈላል። በ37 የሚመጣው በ223 ይካፈላል። እውነት ሆኖ የተገኘው የእኛው ብቻ ነው፣ 31። ይህን ለማወቅ ደግሞ እስከ 1772 መጠበቅ ግድ ሆነ።

በዚያ ዓመት የሒሳብ ሊቁ ሌዮናርድ ኦይለር በሴንት ፒተርስበርግ ነበር። ዕድሜው ስድሳ አምስት ገብቷል። አንዱ ዐይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሌላውም ማየት ወደ ማቆሙ ደርሷል። ከአንድ ዓመት በፊት ከተማዋን በመታው እሳት ቤቱ ተቃጥሏል። እስቲ አስቡት። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ዐይኑ የፈዘዘበት ሽማግሌ ተቀምጦ ይህን አሥር አኃዝ ይመረምራል። ውጤቱንም ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ አሳወቀ።

እንዴት አድርጎ? በጭፍን ማካፈል ቢጀምር እስከ 46340 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ነበረበት፤ ምክንያቱም የቁጥራችን ስኩዌር ሩት ከ46340 ትንሽ ያልፋል፤ አካፋይ ካለው አንዱ የግድ ከዚያ በታች ይገኛል። እነዚህ ከ4 ሺህ 500 በላይ ናቸው። አንድ ሰው በእጁ ያድርጋቸው? ኦይለር ግን መጀመሪያ ወንፊት ሠራ። ጤፍ ሳይነፋ አይፈጭም አይደል?

የመጀመሪያው ወንፊት ፌርማ የሚባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው ያወጣው ነው። ትንሽ ምሳሌ ልስጣችሁ። ሁለትን 11 ጊዜ አባዝታችሁ አንድ ቀንሱ፤ 2047። ይህ ብቸኛ አይደለም፤ 23 ሲባዛ በ89 ነው። አሁን 23ን እዩት፦ 22 ሲደመር 1። 89ን እዩት፦ አራት ጊዜ 22 ሲደመር 1። ሃያ ሁለት ምንድን ነው? የ11 እጥፍ! በአጋጣሚ አይደለም። እንዲህ ያለ ቁጥር አካፋይ ካለው ሁልጊዜም በዚህ መልክ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የእኛው ቁጥር አካፋይ ቢኖረው በ62 ተካፍሎ 1 የሚቀረው መሆን አለበት። ሁለተኛው ወንፊት ደግሞ አካፋዩ በ8 ሲካፈል ወይ 1 ወይ 7 ብቻ እንደሚቀረው ይናገራል። ሁለቱን ወንፊቶች ደርቡ። በ248 ተካፍለው 1 ወይም 63 የሚቀራቸው ብቻ ናቸው የሚያልፉት።

ስንት ናቸው? እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ እናንተም ቁጠሩ። እስከ 46340 ድረስ 63 ራሱን ሳንጨምር 372 ናቸው። ከነሱም በ3 ወይም በ5 ወይም በ7 እንደሚካፈሉ በግልጽ የሚታዩትን፣ ሌሎቹንም ብቸኛ ያልሆኑትን ስታወጡ ከመቶ በታች ይቀራሉ። ከአራት ሺህ ከምናምን ወደ መቶ ያልሞላ! ይህ ነው ማሰብ ማለት። ኦይለር እነዚያን አካፈለ። አንዱም እኩል አልገባም። አንዱም!

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የማካፈል የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ ይህን ሽማግሌ አስታውሷቸው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ይህን አጠር አደርገዋለሁ። ዘመዶቹ እነማን ናቸው? ሁለትን አባዝቶ አንድ በመቀነስ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች የሜርሰን ብቸኛ ቁጥሮች ይባላሉ፤ ማሪን ሜርሰን በሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ ስም። 3፣ 7፣ 31፣ 127፣ 8191፣ 131071፣ 524287፣ ቀጥሎ የእኛው። ስምንተኛው ልጅ ነው። ከስምንቱ ውስጥ ራሱ 31 መኖሩን አያችሁ? ቁጥራችንን የወለደው አርቢ፣ ማለትም ሁለትን ስንት ጊዜ እንዳባዛን የሚናገረው ቁጥር፣ ራሱ የቤተሰቡ አባል ነው። 31ን የወለደው 5፣ ቁጥራችንን የወለደው 31። ታዲያ ሰንሰለቱ ይቀጥላል? ሁለትን 2147483647 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስስ? አይቀጥልም፤ ያ ግዙፍ ቁጥር በ295257526626031 እንደሚካፈል ተረጋግጧል። ይህን አካፋይ ስመለከት ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ቁጥሩን ራሱን ጽፎ ለመጨረስ መጽሐፍ ላይ መጽሐፍ ይፈጃል፣ አካፋዩ ግን አንድ መስመር ላይ ያልቃል።

ከቤተሰቡ ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ ፍጹም ቁጥሮች። 6ን የሚያካፍሉት 1፣ 2፣ 3 ሲደመሩ ራሱን 6ን ይሰጣሉ። የ28 አካፋዮች 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14 ሲደመሩ 28። ከዐውደ ፀሐይ ጋር የምታውቁት 28 ፍጹም ቁጥር ነው ማለት ነው። እያንዳንዱ የሜርሰን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር እንደሚወልድ ከኤውክሊድ ጀምሮ ይታወቃል። የእኛው የወለደው 2305843008139952128 ነው፤ አሥራ ዘጠኝ አኃዝ። በ1811 ፒተር ባርሎው የሚባል እንግሊዛዊ ስለዚህ ቁጥር ሲጽፍ ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር መቼም አይገኝም አለ። ምክንያቱን ልብ በሉ፦ እነዚህ ቁጥሮች ለማወቅ ጉጉት እንጂ ለምንም ስለማይጠቅሙ ከዚያ በላይ የሚደክም ሰው አይኖርም ብሎ ነው።

እውነት ለምንም አይጠቅሙም? በ1876 ኤዱዋርድ ሉካ ሁለትን 127 ጊዜ አባዝቶ አንድ በመቀነስ የሚገኘው ባለ 39 አኃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አረጋገጠ፤ ባርሎው አይገኝም ያለው ፍጹም ቁጥርም ከዚያው ተወለደ። በ2024 ደግሞ ሉክ ዱራንት የሚባል አሜሪካዊ 41024320 አኃዝ ያለው የሜርሰን ብቸኛ ቁጥር አገኘ። የሚደክም ሰው አልጠፋም። መጥቀሙን ግን ከዚህ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ፤ የእኛው ቁጥር ዛሬ በእያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ አለ።

ሦስተኛው ላይ ደረስን። ኮምፒውተር የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ የበራ እና የጠፋ። ብዙዎቹ ማሽኖች አንድን ቁጥር በ32 ማብሪያ ማጥፊያ ይይዙት ነበር። ከነሱ አንዱ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጋቲቭ የሚለውን ይይዛል። 31 ይቀራሉ። ሠላሳ አንዱም ሲበሩ የሚነበበው ስንት ነው? 2147483647! ማሽኑ ከዚህ በላይ ቦታ የለውም። አንድ ብትጨምሩበት ምን ይሆናል? የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዘጠኝ በዘጠኝ ከሆነ በኋላ ወደ ዜሮ እንደሚዞረው ይዞራል፤ ዞሮ የሚያርፈው ግን ዜሮ ላይ ሳይሆን ኔጋቲቭ 2147483648 ላይ ነው። ከጣሪያ ወደ ምድር ቤት!

በኅዳር 2007 መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2014፣ «ሳይ» የሚባለው የደቡብ ኮሪያ ዘፋኝ ቪዲዮ የተመልካቾች ቁጥር ይህን ወሰን አለፈ። ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ማሳደግ ግድ ሆነበት።

ዋናው ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰከንድ ነው፤ የሚጀምሩትም በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ግሪንዊች ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቆጥራሉ። ታዲያ ቆጠራው 2147483647 ላይ የሚደርሰው መቼ ነው? ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይላሉ። እኛስ? እስቲ ቀይሩት። ማን ቀየረ? ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.! ጥር 11 ምንድን ነው? (ከአዳራሹ «ጥምቀት!» የሚል ድምፅ።) ጥምቀት! በእኛ ሰዓት ሲቆጠር ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ጃንሜዳ አድረው፣ ካህናቱ ሌሊቱን ሲያሸበሽቡ ቆይተው፣ ሰማዩ ገና ሊገረጣ ሲል ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ ያሰላሁ ቀን አባቴን አስታወስኩ። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ በጣቶቹ አንጓ ይቆጥር ነበር። ልጅ ሆኜ ምድጃ ዳር ተቀምጠን አጽዋማቱን ሲያወጣ እጁን አያለሁ፤ አውራ ጣቱ አንጓ ለአንጓ ሲሄድ ከንፈሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ድንገት «ማክሰኞ ይውላል» ይላል። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። ታዲያ የኮምፒውተሩ ቀን በየትኛው ዕለት እንደሚውል በአባቴ መንገድ ለማውጣት ተነሣሁ። አብረን እናውጣው።

5500 ሲደመር 2030፣ ዓመተ ዓለም 7530። ለአራት አካፍሉ፤ 1882 ደርሶ 2 ይቀራል። ሁለት የቀረ ዘመነ ማርቆስ ነው። 1882ቱን መጠነ ራብዒት ከ7530 ጋር ደምሩ፤ 9412። ለሰባት አካፍሉ፤ 4 ይቀራል። አንድ ቢቀር ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ፣ አራት ዓርብ። መስከረም 1 ቀን 2030 ዓርብ ይውላል። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 11 ደግሞ 130 ቀን ነው፤ ሰባት ሰባቱን ስታወጡ 4 ይቀራል። ከዓርብ አራት ቀን ቁጠሩ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ። የፈረንጆቹን ካሌንደር ግለጡ፤ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ማክሰኞ ነው። ያ መልስ ሲገጥም የአባቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። እንባዬ መጣ፤ አልደብቃችሁም።

ይህ የወደፊት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቤት የሚያበድር አንድ ድርጅት ሶፍትዌሩን እንድመለከትለት ጠርቶኝ ነበር። ወደ ቢሮው ስገባ አንዲት እናት ወረቀት በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። የሃያ ዓመት ብድር ወስደው የክፍያ ሰሌዳቸው ታትሞ የተሰጣቸው ናቸው። ወረቀቱን አሳዩኝ። ወር በወር ይወርዳል፤ አንዱ መስመር ታኅሣሥ 30 ቀን 2030 ይላል። የሚቀጥለው መስመር ጥር 30 ማለት ሲገባው ታኅሣሥ 23 ቀን 1894 ይላል። ከዓድዋ በኋላ ስድስት ዓመት፣ አፄ ምኒልክ በዙፋናቸው እያሉ! እናትየው ቀና ብለው አዩኝና «ወንድሜ፣ ይሄ ቤቴን ያስወስደኛል ወይ?» አሉ። ወረቀቱ በእጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

አይወሰድብዎትም አልኳቸው። ቁጭ አድርጌ ስለ 31ዱ ማብሪያ ማጥፊያ ነገርኳቸው፤ አሁን ለእናንተ እንደነገርኳችሁ። ገባቸው። «እንግዲያው ቆጣሪው ሞልቶበት ነው በለኛ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከባለሙያ አልሰማሁም። ከዚያ የቀኑን ቁጥር ከ32 ወደ 64 ቀየርነው፤ አዲሱን ሰሌዳ አትመን ሰጠናቸው።

በ64 የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 9223372036854775807 ነው፤ ሰከንድ ብትቆጥሩበት 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ያስኬዳችኋል። ዛሬ አብዛኞቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በዚህ ይቆጥራሉ። ግን በየፋብሪካው፣ በየመኪናው፣ በየግድግዳው የተገጠሙ አሮጌ ትንንሽ ማሽኖች አሉ፤ እነሱን መለየትና ማስተካከል ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁት የምትሠሩት ሥራ ይሆናል። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ አዲሱ ወሰን ብቸኛ ቁጥር አይደለም። 63 በ3 ስለሚካፈል እሱም በ7 ይካፈላል። በ16 የሚቆጥሩት የድሮዎቹ ወሰን 32767ም በ7 ይካፈላል። የእኛው ግን ሁለቱንም ነው፤ ወሰንም ነው፣ ብቸኛም ነው።

ጥያቄ ያለው? አዎ፣ አንቺ ልጄ። (አንዲት ተማሪ፦ «ኦይለር እንዳልተሳሳተ በምን እናውቃለን? ካታልዲም እኮ ተሳስቷል።»)

እግዚአብሔር ይስጥሽ! ይህን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። ዛሬ ኮምፒውተር በቅጽበት አረጋግጦልናል፤ ሉካ ያወጣውና በኋላ የተሻሻለው መንገድም አለ። ግን ኮምፒውተሩንም ሆነ እኔን አትመኚ። ወንፊቱ በእጅሽ ነው። ከ63 ቀጥሎ የሚያልፈው 249 ነው፤ 3 ሲባዛ በ83 ስለሆነ ተይው። ቀጥሎ 311። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ይህን እንሞክር። ሁላችሁም ጻፉ፤ እኔ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። 311 ጊዜ 6905092 ስንት ይመጣል? ቀስ በሉ፣ አትቸኩሉ። 2147483612። ከቁጥራችን ቀንሱት። ስንት ቀረ? ሠላሳ አምስት። አልገባም። 311 ወጣ።

ቀጥሎ 497፤ በ7 ይካፈላል፣ ተዉት። 559፤ 13 ሲባዛ በ43። 745 በ5። 807 በ3። 993ም በ3። 1055 በ5። 1241፤ 17 ሲባዛ በ73። ከዚያ 1303። እሱ ብቸኛ ነው። በሉ፣ 1303ን አካፍሉ፤ እኔ ውኃ እስክጠጣ ቀሪውን ንገሩኝ።